ማብሪያው ላይ የተሰቀለው ሻሽ

ውሸታም ተብዬ አላውቅም ነበር። ምላሰኛ ተብያለሁ፤ ልክ ነው፣ ነኝ። ነገረኛም ትዕቢተኛም ብለውኛል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "አንቺን ያገባ ሰው ሌላ ጠላት አያስፈልገውም" ይለኝ ነበር፣ እየሳቀ። ውሸታም ግን አንድ ሰው እንኳ ብሎኝ አያውቅም፤ ዳኛው በጽሑፍ እስኪለኝ ድረስ።

ሥራዬ አንሶላ መተኮስ ነበር። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጋሪ እየተጫነ የሚመጣበት ትልቅ ማጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ሮለር የምንለው መተኮሻ ላይ ነበር የምቆመው። ሮለሩ በእንፋሎት የጋለ፣ እንደ ግንድ የወፈረ ብረት ነው። ሁለት ሴቶች ከፊቱ ቆመው እርጥቡን አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ወጥረው ያጎርሱታል። እሱ እየዞረ ይውጥና በወዲያ በኩል አድርቆና አለስልሶ ይተፋዋል። አንዳንዴ አንሶላው ይታጠፍና ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል። ያኔ ማሽኑ ይጠፋል፤ አንዷ እጇን ሰዳ ትመዘዋለች።

ለዚህ ጊዜ የሚሆን ልማድ አለን። እጇን የምትሰደው ሴት አስቀድማ ሻሿን ከራሷ ላይ ትፈታና የማብሪያው እጀታ ላይ ትሰቅለዋለች። ሻሽ የተሰቀለበትን ማብሪያ ማንም አይነካም። አለቃ ቢጮህ፣ ቤቱ ቢቃጠል፣ አይነካም። ሻሹን የሚያነሳው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እጇን አውጥታ፣ ቀና ብላ፣ በራሷ ጊዜ። ይኼ የትም አልተጻፈም። ከእኛ በፊት የነበሩት ሴቶች አወጡት፣ እኛ ተረከብነው፣ እኔም በተራዬ ለእህቴ ልጅ አስተማርኳት።

የእህቴን ልጅ ድምቡሼ እንላታለን። ሕፃን ሳለች ጉንጯ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ይመስል ነበር። እህቴ ስትሞት የልጅቷ ጥርስ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር፤ ወስጄ አሳደግኳት። እኔ አልወለድኩም። እታለም ትለኛለች። ስታድግ የማጠቢያ ቤቱን በር ያስከፈትኩላት እኔ፣ ሮለሩ ፊት በግራዬ ያቆምኳትም እኔ ነኝ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔ ግን ፈረሱን ገና ውርንጭላ ሳለ ነው ጡጦ ይዤ ያሳደግኩት።

በዚያ ቀን አንሶላ ተሰነቀረ። ማሽኑን አጠፋሁ፣ ሻሼን ሰቀልኩ፣ ቀኝ እጄን ሰደድኩ። ድምቡሼ ማብሪያው አጠገብ ቆማለች። ከጋሪዎቹ ማዶ የፈረቃ አለቃችን ብቅ አለ። ቀጭኔ ነው የምንለው፤ ማን ሥራ እንደፈታ ለማየት አንገቱን በጋሪዎቹ ላይ ያሰግጋላ። "ምን ተገትራችኋል?" ብሎ ጮኸ። ያን ሰሞን ድምቡሼን ምክትሉ ሊያደርጋት ቃል ገብቶላት ስለነበር፣ ድምፁን ስትሰማ ትደነግጣለች። አንሶላው ሲላቀቅ አየችና ጨርሳለች ብላ ሻሼን አንስታ ማብሪያውን ተጫነችው።

አንሶላው ጨርሶ ነበር። እጄ ግን አልጨረሰም።

ዞር ስል ያየሁትን አልረሳውም። ሻሼ እጇ ላይ ነበር። ማሽኑን መልሳ አጠፋችና በዚያው ሻሽ እጄን ጠቅልላ፣ ደግፋ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። እዚያ አግዳሚው ላይ ጉልበቴ ሥር ተንበርክካ አለቀሰች።

"እታለም፣ እንዳትነግሪብኝ። ሻሽ አነሳች ከተባልኩ እነሱ ያባርሩኛል፣ ሴቶቹ ደግሞ ዓይኔን አያዩኝም። ማሽኑ እንዴት እንደተነሳ አናውቅም እንበል። ሁለታችንም።"

"ሁለታችንም?"

"ሁለታችንም። እናቴ ትሙት!"

"እናትሽማ ሞታለች" አልኳት። "በይ ተነሺ፣ ወለሉ ቆሻሻ ነው።" ነገሩ በዚሁ አለቀ። እሺ ማለቴ ነበር።

እጄ ሲድን እንደ ዶሮ እግር ተኮራምቶ ቀረ። አመድ አፋሽ እጅ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔማ አመዱን ለማፈስ እንኳ የማይታጠፍ ሆነ። በግራ እጅ መብላት ለመድኩ፣ መታጠብም ለመድኩ። ሻሽ ማሰር ግን አቃተኝ። ድምቡሼ ወደ ሥራ ስትሄድ በየጠዋቱ ጎራ እያለች ታስርልኝ ነበር። ከኋላዬ ቆማ፣ ሁለት ጊዜ አዙራ፣ ጫፉን ሸጉጣ፣ "ጠበቀ እንዴ እታለም?" ትለኛለች። ጠብቆም ቢሆን አልጠበቀም እላታለሁ።

ድርጅቱ ካሳ አልከፍልም አለ። ማሽኑ እየዞረ እጇን የከተተችው ራሷ ናት፣ ጥፋቱ የእሷ ነው አለ። የሠራተኛ ማኅበራችን ጠበቃ ጉዳዩን የሥራ ጉዳት ወደሚያይ ዳኛ ወሰደው። ጠበቃው የሚናገረውን ሳይጨርስ የሚቀጥለውን የሚጀምር ሰው ነው፤ ቢሆንም ልቡ ደግ ነው።

ቀጠሮው ቀን ጠዋትም ድምቡሼ መጣች። ሻሼን አሰረችልኝ። "ጠበቀ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ሥራ ይረፍድብኛል ብላ ሄደች።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ መስኮት፣ የሚንጫጫ ማራገቢያ፣ ላብ ላብ የሚል ወንበር። ዳኛው ወፍራም፣ ትዕግሥተኛ፣ ዓይኑን ከሰው ፊት የማይነቅል ሰው ነው። ቃሌን ሰጠሁ። አንሶላ ተሰነቀረ፣ ማሽኑን አጠፋሁ፣ እጄን ሰደድኩ፣ ማሽኑ ተነሳ።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነሳ። "ማን አስነሳው?"

"አላውቅም።"

"ማብሪያው አጠገብ ማን ነበር?"

"እኔ የማየው እጄ ያለበትን ነው።"

"ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ እማማ። ማን ነበር?"

"ቀላል ከሆነ አንተ መልሰው!"

ጮህኩ። የምጮኸው አንድም ተናድጄ ነው፣ አንድም ዕድሜዬን ሙሉ ሮለር ጆሮዬ ሥር ሲያጓራ ኖሮ የራሴ ድምፅ አይሰማኝም። ዳኛው አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ጫር አደረገ።

ከዚያ የድርጅቱ ምስክር ትግባ ተባለ። በሩ ተከፈተና ድምቡሼ ገባች።

መጀመሪያ ተሳስታ የገባች መሰለኝ። አንቺ፣ ሥራ አልሄድሽም እንዴ፣ ልላት ከንፈሬ ተንቀሳቅሶ ነበር። እሷ ግን በአጠገቤ አልፋ ምስክር የሚቆምበት ቦታ ቆመች። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ ጀመረች።

"ማሽኑ እየዞረ ነው እጇን የከተተችው። እታለም ተዪ፣ እናጥፋው አልኳት። 'ዝም በይ፣ አንቺ ሳትወለጂ የማውቀው ሥራ ነው' አለችኝ።"

ውሸቱን ከእኔ አንደበት ቀድዳ ነው የሰፋችው! እንዲያ እናገራለሁ፤ ስንቴ ብያታለሁ። የሚያውቀኝ ሁሉ ቢሰማት አዎ እሷው ናት ይላል።

"ከዚያስ?" አለ ጠበቃቸው።

"ጮኸች። ማሽኑን አጠፋሁት። ሻሿን ከማብሪያው ላይ አንስቼ እጇን ጠቀለልኩላት፣ ተሸክሜ ወሰድኳት።" አለቀሰችም። እንባው የእውነት ነው፤ የእሷን እንባ እኔ አውቀዋለሁ።

ሻሿን ከማብሪያው ላይ! ጆሮዬ ደንቆሮ ቢሆንም ይቺን ሰማኋት። በክፍሉ ውስጥ ካለነው ሰዎች ያ ቃል ምን እንደሆነ የምናውቀው ሁለት ብቻ ነን፤ እሷ ምን እንዳለች ልብ አላለችም፣ እኔ ደግሞ አፌን ዘጋሁ። ጠበቃዬ ዘንበል ብሎ "የምጠይቃት ነገር አለ እማማ?" አለኝ። የለም አልኩት። ለምን ብትሉኝ፣ ፊቷን አይቼ። አሳዳጊ ሞኝ ነው።

የዳኛው ውሳኔ ሲመጣ ጠበቃው ቢሮው አስቀምጦ አነበበልኝ። አመልካቿ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በቀጥታ አይመልሱም፣ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ አንድ የሚሸሽጉት ነገር ያለ ይመስላል፤ ቃላቸው አይታመንም። ምስክሯ ግን የተረጋጋችና ያልተምታታች ናት።

"ከዚህ በታች ያለውን ልዝለለው" አለኝ።

"አንብብ። እጄ እንጂ ልቤ አልተኮራመተም።"

አነበበው። "ይልቁንም ምስክሯ የአመልካቿ የእህት ልጅ በመሆኗ ታደላለች ቢባል ለአክስቷ ነው። በገዛ ሥጋዋ ላይ ለመመስከር የደፈረችው እውነት ብታስገድዳት ነው።"

ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ሳቅ መጣብኝ። ዝምድናችንን መዝኖ ለእሷ ማስረጃ አደረገላት። ዳኛው በአንድ ነገር ልክ ነበር፤ የሸሸግኩት ነገር ነበረ። ለማን ብዬ እንደሸሸግኩት ነው ያላወቀው።

በማግሥቱ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ድምቡሼ ናት፣ ሻሽ ልታስርልኝ። ምንም እንዳልሆነ! እኔም ምንም አልተናገርኩም፤ ጀርባዬን ሰጠኋት፣ አሰረችልኝ። ይኼን ሲሰሙ ጎረቤቶቼ አበድሽ ወይ ይሉኛል። እኔ ግን አንዲት ቃል እየጠበቅኩ ነበር። ዛሬ ካልተናገረች ነገ ትናገራለች እያልኩ በየጠዋቱ ማጅራቴን እሰጣታለሁ። አልተናገረችም። ከአፏ የሚወጣው "ጠበቀ እንዴ?" ብቻ ነው።

ጠበቃው ይግባኝ እንበል አለ። ሦስት ዳኞች ያዩታል አለኝ።

"እኔንም እሷንም እንደገና ይጠይቁናል?"

"አይጠይቁም። የተባለው ሁሉ ተጽፏል፤ እሱን ነው የሚያነቡት።"

"ፊቴን ሳያዩ ውሸቴን በምን ሊያውቁ ነው?"

"ፊትሽን ያየው የበታቹ ዳኛ ነው እማማ። ማንን ላምን የሚለው የእሱ ፋንታ ነው፤ ምስክር ፊቱ ቆሞ ሰምቷላ። እነዚህ በቀላሉ አይነኩበትም። የሚመረምሩት ያመነበት ምክንያት መሬት የረገጠ መሆኑን ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ቀረልኝ" አልኩ። "ፊቷን ያየማ ሁሉ ያምናታል። እኔም ሳምናት ኖሬያለሁ።"

የይግባኙ ችሎት ሰፊ ነው፤ ሦስቱ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ከዳር ያለችው መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ፣ ደረቅ ያለች ሴትዮ ናት። እኔ ኋላ ተቀመጥኩ። ጠበቆቹ ብዙ ተናገሩ። እሷ ወረቀቷን ስታገላብጥ ቆየችና ወደ ድርጅቱ ጠበቃ ቀና አለች።

"ሻሹ ማብሪያው ላይ ምን ይሠራ ነበር?"

"ይቅርታ፣ ክብርት ዳኛ?"

"ምስክርዎ 'ሻሿን ከማብሪያው ላይ አንስቼ' ብላለች። ሴትዮዋ እጃቸው ማሽን ውስጥ ነው። ሻሻቸው ማብሪያ ላይ ምን ይሠራል?"

"ሙቀት ስለሆነ ሰቅለውት ይሆናል።"

"'ይሆናል' የሚለውን የመሰከረ ማን ነው?"

ጠበቃው ፋይሉን ከፍቶ ፈለገ። ወደ እኔ ጠበቃ ዞረች፤ የእኔውም ትከሻውን ሰበቀ፣ አያውቅማ። መልሱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፣ እንደ አንሶላው ተሰነቀረ። ብናገርም አይሰሙኝም፤ ያ ችሎት ወረቀት እንጂ ሰው አይሰማም። ፊቷን ያየው ሰውዬ ተታሎ፣ ፊቷን ያላየችው ሴትዮ ነቃች!

ጉዳዩን ወደ ያው ዳኛ መለሱት። ድምፅ ከፍ ማድረግ ውሸት አይደለም፣ ሴትዮዋ በምን ምክንያት እንደሚጮኹ አልተጠየቁም አሉ። ዘመድ በዘመዱ ላይ የሚመሰክረው እውነት አስገድዶት ሊሆን ይችላል፣ ጥቅም አግኝቶበትም ሊሆን ይችላል፤ ዳኛው ሁለተኛውን አላጣራም አሉ። ስለ ሻሹም ይጠየቅ አሉ። እኔ እውነተኛ ነኝ አላሉም። እንደገና ጠይቅና ምክንያትህን ጻፍ ነው ያሉት።

ወሬው ማጠቢያ ቤቱ ሳይደርስ አልቀረም። በማግሥቱ ድምቡሼ ሻሼን ይዛ ከኋላዬ ቆመች፤ ግን አላሰረችም።

"እታለም፣ ስለ ሻሹ ይጠይቁሻል አሉ።"

"ማን አለ?"

"ቀጭኔ።"

"ቀጭኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ አዋቂ የሆነው? አንገቱ እዚያም ደረሰ?"

"አትቀልጂ። ሞቆኝ ነው የሰቀልኩት በዪ። በቃ፣ ሌላ ምንም አትበዪ።"

ዞሬ አየኋት። "ሁለታችንም አናውቅም እንበል ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ለምን አላውቅም አላልሽም? አላውቅም ብትዪ ምን ነበረበት?"

"አላውቅም ያለ ይጠረጠራል አሉኝ። ምክትል የሚሆን ሰው አላውቅም አይልም አሉኝ።" ሻሼን እጇ ላይ ጠቀለለችው። "እኔስ ምን ላድርግ? አንቺ እኮ ጨርሰሻል እታለም። እጅሽ በካሳ አይመለስ። እኔ ገና ነኝ።"

ጨርሰሻል! ሳልጨርስ ጨርሰሻል ስትለኝ ይኼ ሁለተኛዋ ነው። የመጀመሪያውን በድንጋጤ ነው ብዬ ይቅር ብያት ነበር።

"ሻሼን ስጪኝ" አልኳት።

"ላስርልሽ..."

"ስጪኝ አልኩ! የሰው ሻሽ ማንሳት ልማድ አደረግሽው።"

አውልቃ እንደጣለችው ዕቃ አልጋው ላይ አኖረችውና ወጣች። ከዚያ ወዲያ በጠዋት አልመጣችም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ባዶ ራሴን ሄድኩ። ሽበቴን ለሰው አሳይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን መንገደኛው ሁሉ አየው። ዳኛውም ትንሽ ተገርሞ አየኝ።

"ሻሽዎን ማብሪያው ላይ የሰቀሉት ለምንድን ነው?" አለኝ። በዝግታ፣ ጎላ አድርጎ፤ አሁን ደንቆሮ መሆኔ ተነግሮታል።

ነገርኩት። ልማዱን፣ ማን ከማን እንደተረከበው፣ ሻሽ ያለበት ማብሪያ እንደማይነካ። ሳልጮኽ ነገርኩት።

"እና በዚያ ቀን ሻሹን ማን አነሳው?"

ድምቡሼ ኋላ ተቀምጣለች። አልዞርኩም።

"የእህቴ ልጅ።"

የድርጅቱ ጠበቃ ዘሎ ተነሳ። "ክቡር ዳኛ፣ ይኼ ዛሬ የተፈጠረ ታሪክ ነው! ያኔ አላውቅም ብለዋል። የይግባኙን ውሳኔ አንብበው ያመጡት ነው።"

"ማንበብማ ብችል አንተ ያለህበት ቦታ እኔ እቆም ነበር" አልኩት። "ፊደልና እኔ ሰላምታም የለን።"

ዳኛው እጁን አነሳ። "እማማ፣ ጥያቄው ግን ልክ ነው። ኋላ የመጣ ቃል ይጠረጠራል። ለምን ያኔ አልተናገሩም?"

ባዶ ራሴን በግራ እጄ ዳሰስኩ።

"ያኔ ልጄ ነበረች" አልኩት። "እሷ አትናገሪብኝ አለች፣ እኔ አልናገርም አልኩ። ቃሌን ጠብቄ ነው ውሸታም የተባልኩት።"

ድምቡሼን አስቀረቧት። ዳኛው ዓይኑን ፊቷ ላይ አላሳረፈም ይኼን ጊዜ፤ ፊቱ ያለውን ወረቀት ነው የሚያየው።

"አክስትሽ የተናገሩት ልማድ እውነት ነው?"

"...ነው።"

"ማን አስተማረሽ?"

"እሷ።"

"ምክትል የሆንሽው መቼ ነው?"

"ከምስክርነቱ በኋላ።"

"ማሽኑ እየዞረ ነው እጃቸውን የከተቱት ብለሻል። ሻሹንም ከማብሪያው ላይ ነው ያነሳሁት ብለሻል። ሻሽ የተሰቀለበት ማሽን ይዞራል?"

ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለች ዕቃ ሰብራ ጎረቤት ሲጠይቃት እንዲያ ነበር የምታየኝ፤ እታለም መልሺልኝ ማለቷ ነው። እኔም ሁልጊዜ እመልስላት ነበር። እኔ ነኝ የሰበርኩት እላለሁ፣ ያልፋል።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

"አይዞርም" አለች በመጨረሻ። ድምፅዋ አልተሰማም፤ ዳኛው ድገሚው አላት።

ውሳኔውን ጠበቃው ሲያነብልኝ አንዷን መስመር አስደገምኩት። አመልካቿ ያኔ የሸሸጉት ነገር ቢኖርም የሸሸጉበት ምክንያት ታውቋል፤ ቃላቸው ይታመናል ትላለች። "እንኳን ደስ ያለሽ እማማ፣ ተፈረደልሽ እኮ!" አለኝ። አዎ አልኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስታውን ግን አላገኘሁትም።

ድምቡሼን አላባረሯትም። ከምክትልነት አውርደው ወደ ሮለሩ መለሷት አሉ። ግራዋ ላይ የምትቆም ሴት ግን እስካሁን አልተገኘችም፤ ሴቶቹ አንሶላ የሚይዝላት ወንድ ከጋሪ ክፍል እስኪመጣ ያስጠብቋታል። ደስ አይበላችሁ ብያቸዋለሁ። ደስ ይላቸው ይሆናል።

እኔ ሻሽ ማሰር ተለማመድኩ። አንዱን ጫፍ በጥርሴ እይዛለሁ፣ ሌላውን በግራ እጄ አዞራለሁ፣ ጎኔን ግድግዳ ላይ ደግፌ እሸጉጠዋለሁ። ያየሁትን ሁሉ እሰድባለሁ። ሲያልቅ ጠማማ ነው።

ባለፈው ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጫፉ ጥርሴ ውስጥ ስለነበር ማነው ማለት አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ እታለም" አለ ድምፅዋ።

እስክጨርስ አልከፈትኩም። ዝግ ብዬ አዞርኩት፣ ሸጎጥኩት፣ በግራ መዳፌ ጫን ጫን አደረግኩት። ከዚያ ከፈትኩ። ከስታለች፤ ያ ጉንጭ የለም። ራሴን አየችና እንደ ልማዷ ሁለት እጇ ወደ ሻሼ ተነሳ፣ ልታቃናው።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

እጇ እንዲያው አየር ላይ ቀረ።